የማክሰኞው ዘጠኝ ጊጋ

ሚልክያስ የመስኮቱን መዝጊያ እስከ ታች አውርዶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ተኝቷል፤ ተኝቷል ማለት ግን ተጋድሟል ማለት ነው እንጂ እንቅልፍ ከጠዋት ጀምሮ አጠገቡ አልደረሰም። ሌሊቱን በመጋዘን ካርቶን ሲለይ አድሯል፣ ወገቡን ያመዋል፣ የጀርመን አገር ጥር ከውጭ በኩል መስተዋቱን ይገፋል፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሚገባበት ሰዓት እሱ በጨለማ ክፍል ውስጥ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ጣሪያ ያያል። ለመጨረሻ ጊዜ ልየውና ልተኛ ይላል። እንዲህ ሲል ይህ ስድስተኛው ነው። ስልኩን ያነሳል፣ መተግበሪያውን ይከፍታል፣ ጂንካ ያለው የእናቱ ቤት ዋይፋይ በአንዲት ክብ ሥዕል ሆኖ ይመጣል፤ የወሩ ፓኬጅ ስልሳ ጊጋ፣ ዛሬ ያለቀው ይህን ያህል፣ የቀረው ይህን ያህል፣ የተገናኙት ስልኮች ይህን ያህል። ከስድስት ዓመት በፊት ትቶት የወጣው ቤት፣ ቆርቆሮው፣ በረንዳው ላይ የሚደርቀው የሽፈራው ቅጠል፣ እናቱ አበዛሽ፣ እህቱ ቤቴል፣ ሁሉም ተጠቃልለው አንዲት ክብ ውስጥ ገብተዋል። ክቧ አረንጓዴ ስትሆን ቤቱ አለ። ግራጫ ስትሆን ወይ መብራት ጠፍቷል ወይ አንድ ነገር ሆኗል።

ድሮ እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበረም። ጊጋ የሚቆጥር፣ ሜጋ የሚያሳድድ ሰው አልነበረም። መስከረም ላይ ግን ፓኬጁ ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አለቀ። ቤቴል ልታስሞላ ሄዳ «ሲስተም የለም» ተብላ ተመለሰች፣ በማግስቱም «ሲስተም የለም»፣ በሦስተኛው ቀን ሲስተሙ መጣ፣ ኃላፊው ግን ስብሰባ ሄደዋል ተባለች። እሱም የእናቱን ፊት ሳያይ ዘጠኝ ቀን ሰነበተ። በተራ ስልክ ሲደውል «ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሉታል፣ እሱም እሺ ይላል፤ ለካ እናቱ ደም ግፊቷ ተነስቶ ሆስፒታል ተኝታለች። የነገሩት ከወጣች በኋላ ነው። «አንተ እዚያ ሆነህ ምን ልታደርግላት? ከመጨነቅ በቀር» አለችው ቤቴል። እውነቷን ነው፣ ምን ሊያደርግ? ወረቀቱ ገና አልተሰጠውም፣ ከዚህ አገር ከወጣ ተመልሶ አይገባም፣ በየሦስት ወሩ አንድ ደብዳቤ ይመጣል፣ ደብዳቤው ጠብቅ ይላል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ግን አንድ ነገር አወቀ፤ ፊቷን ካላየ የሚነግሩትን አያምንም። ፊቷን ለማየት ደግሞ ጊጋው እስከ ወሩ መጨረሻ መድረስ አለበት። ስለዚህ ሕግ አወጣ። በቀን ሁለት ጊጋ። ከእናቱና ከቤቴል ስልክ በቀር ሌላ ስልክ እንዳይገባ። ፊልም ማውረድ የለም። ያለቀውን በየቀኑ በደብተር ይጽፋል፤ ደብተሩ አሁንም ትራሱ ሥር ነው።

ሕጉን ከቤቴል ይልቅ አጥብቃ የያዘችው እናቱ ናት። ከመያዝም አልፋ ፈራችው። በቪዲዮ ሲደውልላት ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ስለምትይዝ የሚታየው ግንባሯና የሻሿ ጫፍ ብቻ ነው። «እማዬ፣ ራቅ አድርጊው፣ ግንባርሽን ብቻ እኮ ነው የማየው» ይላታል። «ግንባሬ ምን ሆነ? ያው የኔው ነው!» ብላ ትስቃለች። «ይቺ ጊጋ የምትሏት ነገር እንደ ዶሮ ናት ልጄ፣ በር ካልዘጉባት ጎረቤት ገብታ ትጥላለች።» አራት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ «በል በቃ፣ እንዳታልቅብህ ልዝጋው» ትለዋለች። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው የማስቆጥባቸው፣ አንቺማ አውሪ!» «ኧረ ተው፣ ለነገም ይደር።» እሁድ ዕለትም እንዲሁ ነበር። ምን ነበር ያለችው? አዎ፣ «አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለችው። «ምን?» ሲላት «ረዘም ይላል፣ ወሩ ሲያልቅ የተረፈ ካለ አጫውትሃለሁ» ብላ ሳትሰናበተው ዘጋችው። የዚያን ዕለት የቀረው ሠላሳ ስምንት ጊጋ ነበር። ሠላሳ ስምንት ጊጋ ተቀምጦ፣ እሷ ስለ አንድ ረዥም ወሬ ሰጋች። እሱም መልሶ አልደወለላትም። የቀረውን አይቶ ደስ አለውና በደብተሩ ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ። ከሥራ ገብቶ ተኝቶ የነቃው በጀርመን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ጂንካ አሥራ አንድ ሆኗል። ክቧን ሲከፍት ዓይኑ የተሳሳተ መሰለው። ዘጠኝ ነጥብ አራት ጊጋ። በአንድ ቀን፣ ያውም ሳይመሽ። የተገናኙ ስልኮች፣ ሠላሳ አንድ። ደሙ ፈላ። ከአልጋው ሳይነሳ ደወለ።

«ቤቴል! ቤቱን ሆቴል አደረጋችሁት እንዴ?»

ከኋላዋ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲያስል፣ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል።

«ሄሎ! ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ ሚልኬ።»

«ሠላሳ አንድ ስልክ! የይለፍ ቃሉን ለከተማው ሁሉ ነው ያደልሽው?»

«እንግዳ መጥቶ ነው።»

«የምን እንግዳ?»

«የቤተ ክርስቲያን። የጸሎት ተራ እኛ ጋ ደርሶ። ከዲመካም እነ ፋሲል መጥተዋል።»

«ታዲያ ጸሎት በዘጠኝ ጊጋ ነው እንዴ የሚጸለየው? ወደ ላይ የሚልኩት በቪዲዮ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቴል ለዚህ መልስ አላት። ትስቅበታለች ወይም ትሰድበዋለች። አሁን ግን «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች፣ ስለ ድምጿ ማንም ሳይጠይቃት።

«እማዬን ስጪኝ።»

«ተኝታለች።»

«በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል?»

«አዎ» አለች። «ደክሟት ነው።»

«ስትነሳ ፊቷን የማየው በምን ይመስልሻል? እናንተ ጨርሳችሁት? ልጅ እኮ አይደለሽም ቤቴል!»

«እሺ ሚልኬ። ይቅርታ።»

ስልኩን ዘጋና ሥራውን ጀመረ። መተግበሪያው ውስጥ እያንዳንዱን ስልክ ማገድ ይቻላል። አንዱን ሲነካ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ እርግጠኛ ነኝ ይላል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከእናቱና ከቤቴል ስልክ በቀር የተገኘውን ሁሉ አገደ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ እርግጠኛ ነኝ። ሲጨርስ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌባ ያባረረ ሰው መስሎ ካፖርቱን ለብሶ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ክቧ እንደታዘዘችው ዝም ብላለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ያለቀው አርባ ሜጋ ብቻ ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን አንዲት ቃል ጆሮው ውስጥ ገብታ አልወጣ ብላለች፣ ይቅርታ የምትለዋ። ቤቴል ይቅርታ አትልም። ሳህን ሰብራ እንኳ ሳህኑ ቀድሞውንም ስንጥቅ ነበረበት የምትል ልጅ ናት። ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ከግድግዳው ይመለሳል። ስልኩ ይንጫጫል። ሉቃስ ነው፣ የአርባ ምንጩ፣ በባቡር ሁለት ሰዓት ርቆ የሚኖረው፣ በዚህ አገር ያለው ብቸኛ የሚያውቀው ሰው። «ሚልኬ ሰላም ነህ? ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከሥራ ገብተህ ቤት አለህ አይደል? ከወንጌላዊ ምስጋና ጋር ብቅ እንላለን። እንዲሁ ለጨዋታ።» ሚልክያስ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ለጨዋታ? ቅዳሜ? ሉቃስ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት የሚተኛ ሰው ነው፤ እንኳን ለጨዋታ ለሠርግም በጠዋት አይነሳ። ወንጌላዊውስ ምን ቆርጧቸው ነው ከሌላ ከተማ በሌሊት ባቡር የሚሳፈሩት?

ያገዳቸውን ስልኮች ዝርዝር ከፈተ። ለምን እንደከፈተ አላወቀም። ሰዎች ለስልካቸው ስም ይሰጣሉ፤ ዮርዲ አለች፣ የመዘምራኑ ኃላፊ። አቢጊያ። ወርቅነህ ሃና፣ ሃና ባለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው የእናቱ አጎት ልጅ፣ መኪና ጠብቆ ጂንካ ለመድረስ አንዳንዴ ሁለት ቀን የሚፈጅበት። ፋሲል፣ የዲመካው የአክስቱ ልጅ። ሰኢዳ ጨርቃ ጨርቅ። የጸሎት ተራ ተብሏል፤ ሰኢዳ ሙስሊም ናት። ጣቱ እየወረደ ሄዶ አንዱ ላይ ቆመ። ደበሌ ሱቅ። የገባበት ሰዓት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። እስኪታገድ ድረስ አልወጣም።

ጋሽ ደበሌ አጥር የሚጋራቸው ነጋዴ ነው። ከሸዋ መጥቶ ጂንካ ላይ ያረጀ፣ ለጸሎት ተራ እነሱ ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ «እናንተ ትዘምራላችሁ፣ እኔ እሸጣለሁ፣ ሁላችንም እንጮሃለን» እያለ የሚቀልድ ሰው ነው። ማክሰኞ ደግሞ ገበያ ነው። ከየቀበሌው የሚወርደው ሰው ጨውና ሳሙና የሚገዛው ከእሱ ነው፣ ማክሰኞ ጋሽ ደበሌ ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ እንኳ ጋቢ ለብሶ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል። በገበያ ቀን ሱቁን ሲዘጋ ሚልክያስ ያየው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሚልክያስ አባት ኤርሳዶ የተቀበረ ዕለት።

የለም አለ ሚልክያስ ጮክ ብሎ፣ በጨለማው ውስጥ። የለም፣ እንዲያው ጎረቤት ነው፣ ሊጠይቃቸው ገብቶ ስልኩን ረስቶት ይሆናል። የእናቱን ስልክ አየ። ያልታገደ፣ ሁልጊዜ የተፈቀደለት ስልክ። ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘው ሰኞ፣ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

ሚልክያስ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ አባቱ ገና በሕይወት ሳለ። አባቱ ከከምባታ ወደ ጂንካ የመጣ አናጢ ነው፣ ሥራውን ገና ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ መላጊያው ሲንሸራተት ሚልክያስ በዚያ ድምፅ ነው የሚነቃው። አንድ ቀን ድምፁ መሃል ላይ ቆመ። ወጥቶ ሲያይ አምስት ሰዎች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱ ከከምባታ ድረስ የመጡ፣ ጫማቸው አቧራ የለበሰ፣ ሌሎቹ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች። ማንም አይናገርም። አባቱ መላጊያውን ይዞ ቆሞ ያያቸዋል። ሰላምታ አልሰጣቸውም፣ ግቡም አላላቸውም፣ «ማን ናት?» ብቻ ነው ያለው፣ ማን ነው አላለም፣ ማን ናት አለ፣ የራሱ እናት እንደሆነች አውቋል። ከተቀበረች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቱ እየሠራ፣ እየበላ፣ እየሳቀ ኖሯል፣ መንደሩም እያወቀ አብሮት ስቋል፣ ምክንያቱም በሰው አገር ያለ ሰው ብቻውን አይረዳም፣ መርዶ ሰው ተልኮበት ነው የሚነገረው፣ የሚይዘው እጅ ሳይኖር በመንገድም በወረቀትም በስልክም አይነገርም። ሚልክያስ ሕጉን ያውቀዋል። አሁን ቤቴልን ማን ከብቧት እንደተቀመጠ፣ ምን እንዳሏት ያውቃል። «ብቻውን ነው፣ እንዳትነግሪው። ሰው እንልክበታለን። ከደወለ ተኝታለች በይው።» እሷም ተኝታለች አለች። እሱ ደግሞ ሆቴል አደረጋችሁት አላት።

ተነስቶ መብራት ሳያበራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጣቱ የቤቴል ስም ላይ ነው። ቢነካው ታነሳለች፣ ንገሪኝ ቢላት ትነግረዋለች፣ ውሸት አትችልበትም። ያን ጊዜ ግን የተናገረችው እሷ ትሆናለች፣ ብቻዋን፣ ማንም ሳይፈቅድላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወንድሜን በስልክ መርዶ ያረዳሁት እኔ ነኝ እያለች ትኖራለች። ደግሞም ካልነካው፣ እስከ ቅዳሜ፣ ማንም ምንም አላለውም። ጣቱን አነሳ። ወደ መተግበሪያው ተመልሶ ያገዳቸውን ስልኮች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈታ። ዮርዲ። አቢጊያ። ወርቅነህ ሃና። ሰኢዳ። ደበሌ ሱቅ። ክቧ ውስጥ ቁጥሩ እንደገና መሮጥ ጀመረ። የፋሲል ስልክ ብቻ ተፈቅዶለትም ተመልሶ አልገባም።

ሐሙስ አሥራ ሁለት ጊጋ አለቀ። ዓርብ አሥራ ሦስት። መጋዘኑ ውስጥ የዕረፍት ሰዓት ሲሆን ሌሎቹ ቡና ይጠጣሉ፣ እሱ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በር ዘግቶ ዝርዝሩን ያነባል። የእድር ጸሐፊ የቀሩትን ለመቅጣት ስም እንደሚያነብ ነው የሚያነበው፣ ግን የሚቀጣ የለውም፣ ማን እንደመጣ ብቻ ማወቅ ይፈልጋል። አርባ ሦስት ስልክ። አንዳንዱን ያውቀዋል፣ አንዳንዱ የቁጥር ብቻ ስም አለው፣ የማን ይሆን ይላል፣ ከእናቱ የሽፈራው ቅጠል የሚገዙት ሴቶች ይሆኑ? ድንኳኑ በየት በኩል ተተከለ? አቮካዶው ሥር ነው ወይስ በር ላይ? ኃላፊው በሩን ያንኳኳል፣ «ደህና ነህ?» ይለዋል በጀርመንኛ፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ያቺን ቃል አሳምሮ ይችላታል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤቴል ጻፈችለት፤ «በላህ?» «በላሁ» ብሎ መለሰ። ከዚያ ተቸገረ። ስለ እናቱ ካልጠየቀ ማወቁን ታውቅበታለች። ከጠየቀ ደግሞ ሊያስዋሻት ነው። ብዙ ቆይቶ «እማዬን ሳሚልኝ» ብሎ ላከላት። መልሱ አንድ ሰዓት ፈጀ። «እሺ» ይላል። ማታ ወደ ሥራ ሲወጣ ስልሳው ጊጋ አልቆ ክቧ ባዶ ሆናለች፤ ወሩ ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል፣ ደብተሩን ግን አላወጣውም።

ቅዳሜ ከሥራ ገባ። ልብሱን አላወለቀም። አልጋውን አነጠፈ፣ ያለችውን አንዲት ወንበር ወለወላት፣ ሌላ ሰው የሚቀመጥበት የለም ብሎ ተጨነቀ፣ ሻንጣውን አቁሞ ፎጣ ጣል አደረገበት። በሩ ሲንኳኳ ሄዶ ከፈተ። ሉቃስ የበረዶ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ ይዟል፣ ዓይኑን ከሚልክያስ ጫማ ላይ አያነሳም። ወንጌላዊ ምስጋና ሽማግሌ ናቸው፣ ደረጃው አድክሟቸዋል፣ እጁን ጨብጠው ሳይለቁት አልጋው ላይ አብረውት ተቀመጡ።

«ሚልክያስ ልጄ፣ ሰው በዚህ ምድር እንግዳ ነው...»

እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቃቸው። አላቋረጣቸውም፣ አውቃለሁ አላለም። ለዚህ ብለው በሌሊት ባቡር መጥተዋል።

«እናታችን እትዬ አበዛሽ» አለ ሉቃስ፣ «ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጌታ ወሰዳቸው። ብዙም አልተሰቃዩም።»

ሚልክያስ ራሱን ነቀነቀ። እንዳይወድቅ ትከሻውን ሊይዘው የተዘጋጀው ሉቃስ ሲያየው ግራ ተጋባ። ስልኩን አውጥቶ «ቤቴል ላንተ ብላ የላከችው ነው» አለ። «ፋሲልን ከዲመካ ያስመጣችው ለዚህ ነው፣ እንዲቀርጽ። ሄዶ ባያይ እንኳ ሁሉንም ይየው ብላ። በቁርጥራጭ ነበር የሚልኩልኝ።»

ስክሪኑ ላይ ግቢው መጣ። ድንኳኑ አቮካዶው ሥር ነው። አግዳሚው ሞልቷል፣ የቆመው ይበዛል። እነ ዮርዲ ይዘምራሉ። ሳጥኑ ከበረንዳው ወረደ፣ በፊት በኩል አንዱን ጫፍ የያዘው ጋሽ ደበሌ ነው፣ ጋቢው ተንሸራቶ መሬት ይጎትታል። ቤቴልን ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። አንዱ ቁራጭ አልቆ ሌላው ይቀጥላል፣ በሩን ወጡ፣ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ጎን አለፉ፣ ሰዉ ከኋላ መንገዱን ሞልቶታል፣ የመቃብሩ አጥር ከሩቅ ታየ። እዚያ ላይ ቆመ።

«ቀጥል» አለ ሚልክያስ።

«ሌላ የለም። ስድስቱ ብቻ ነው የደረሰኝ። ማክሰኞ እየላኩልኝ ሳለ በመሃል ኔትወርኩ ተቋረጠባቸው። ፋሲልም በማግስቱ ማለዳ ወደ ዲመካ ተመለሰ፣ መንገድ ላይ ቀሪው ያለበትን ስልኩን ሰረቁት። ቤቴልን ከምንም በላይ ያስለቀሳት እሱ ነው፤ አፈር ሲለብሱ ሳያይ ቀረ እያለች።»

«ኔትወርኩ አይደለም።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለ ሚልክያስ። «ከዚህ ሆኜ፣ ከዚህ አልጋ ላይ። ጊጋ ጨረሳችሁ ብዬ። እርግጠኛ ነህ አለኝ፣ እርግጠኛ ነኝ አልኩት።»

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የወጣው። ከሆዱ ነው የወጣው፣ ሚልክያስ ራሱም የማያውቀው ድምፅ፣ ክፍሏ አልበቃችውም። ከታች ፎቅ ያለችው ሴትዮ ነቃች፤ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትመታ ጀመር፣ ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ወንጌላዊው «ልጄ፣ ቀስ...» ሊሉ እጃቸውን አነሱ። ሉቃስ ግን አንድ እግሩን ከጫማው አወጣና በተረከዙ ወለሉን ሦስት ጊዜ መልሶ መታው።

«አልቅስ» አለው። «ትደብድብ እሷ። አንተ አልቅስ።»